የአባቴ ምርቃት ያለበት ሳጥን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ እህሉ ከአውድማ ገብቶ የሰርግ ድንኳን በየሰፈሩ መተከል በጀመረበት ሰሞን። እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም። ለመጻፍም ቢሆን ብዙ አልተማርኩም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ግን ይህ ነገር ውሃ ስቀዳም፣ ዓሣ ሳጸዳም ከሐሳቤ ስለማይወጣ ልጻፈው አልኩ።

ያደግኩት ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ካለ መንደር ነው። አሁን የምሠራው ሐይቅ ከተማ፣ እትዬ ዘነቡ ዓሣ ጠብሰው በሚሸጡበት ቤት ነው። አባቴ ገበሬ ነበር። ወደ አኼራ ከሄደ ሁለት ክረምት አልፏል።

ከመሞቱ በፊት ታላቅ እህቴን ዘሀራን ድሯል። በእኛ አገር ሙሽራ ሳትመረቅ ከቤት አትወጣም። የአባቷን ጉልበት ትስማለች፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ አባት ይመርቃል፣ ሰዉ አሚን ይላል። የዚያን ቀን አባቴ ዘሀራን መርቆ ሲጨርስ ቀና አለና ዐይኑ እኔን ፈለገ። እኔ አክስቴ ጀርባ ተደብቄ ነበር።

«ያቺ ደግሞ፣ የምትደበቀዋ!» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ። አባቴ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ መመረቅ ጀመረ። ግን ሙሽራዋ ስትነሣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ከበሮውም ተመታ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ያለውን አልሰማሁም። በኋላ ምን እንዳለኝ ብጠይቀው፣ «ቀንሽ ሲደርስ እነግርሻለሁ፤ አሁን ባል አለሽ እንዴ!» ብሎ አሾፈብኝ። ቀኔ ሳይደርስ ሄደ።

ሰርጉን የቀረጹት ሐይቅ ከተማ ፎቶ ቤት ያላቸው ጋሽ መኮንን ናቸው። የአባቴ ጋቢ ላይ ትንሽ ማይክ ሰክተውለት ነበር። ለእህቴ በተሰጣት ፍላሽ ላይ ግን ያለው ጭፈራው ነው፤ ምርቃቱ ረዘመ ተብሎ አብዛኛው ተቆርጧል።

የእኔ የሰርግ ቀን ሲቆረጥ የሚመርቀኝ አጎቴ እንዲሆን ተወሰነ። አጎቴን እወደዋለሁ። ግን አባቴ ለእኔ ብሎ የተናገረው ቃል ምናልባት አንድ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ሰው ስለነበረ ከበር ተመለስኩ። ሌላ ቀን ሄጄ ገባሁ፤ አፌን ሳልከፍት ጋሽ መኮንን ፎቶ ልነሣ የመጣሁ መስሏቸው ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። አይደለም ማለት አፍሬ ጉርድ ፎቶ ተነሥቼ ወጣሁ።

እንደገና ስሄድ ጋሽ መኮንን እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር ሳጥን ተከፍቷል። ከውስጡ የወጡ አራት ዲስኮች፣ እንደ ትንንሽ ጡብ ያሉ፣ ተደርድረዋል። ጎረቤት ሞባይል የሚጠግነው ከማል ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ አንዱን ዲስክ ገጥሞ ይነካካል። እኔ ደንበኛ በሚጠብቅበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ማንም ልብ አላለኝም።

ከንግግራቸው እንደገባኝ፣ የተቀረጸው ሰርግ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ አልከፈት አለ።

«ይኸው ተከፈተ!» አለ ከማል።

«ምን አለው?»

«ምንም የለውም ጋሼ። ባዶ ነው።»

«ባዶማ የእኔም ሆድ ነው፤ ቁርስ እንኳ አልበላሁም። ባዶ እንድትከፍትልኝ ነው የጠራሁህ?»

«ሌላው ላይ ይሆናላ ያለው» ብሎ ከማል ሁለተኛውን ዲስክ ገጠመ። «ይሄኛውም እንደዚያኛው ፎርማት ይደረግ ወይ እያለ ይጠይቃል። ካልተደረገ አይከፈትም ይላል።»

ጋሽ መኮንን ተነፈሱ። «ሰዉስ አብዛኛው ሥራውን ወስዷል። እሑድ ደግሞ ሰርግ አለብኝ፤ የማስቀምጥበት የለኝም። እኔን የሚያንገበግቡኝ ምርቃቶቹ ናቸው። በል እሺ፣ ይሁን፣ አድርገው።»

ፎርማት ማለት ያለውን ጠርጎ ማጥፋት እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ባዶ ሆኖ ሲወጣ ስላየሁ ብቻ ፈራሁ።

«ተው» አልኩ። አልሰሙኝም። ድምፄ እንዲህ ነው፤ ከአፌ ሳይርቅ ይወድቃል። የከማል ጣት ሲንቀሳቀስ ሳይ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ እጁን ያዝኩት።

«ተው! አባቴ እዚያ ውስጥ አለ!»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ያን ያህል ስለጮኽኩ እኔም ደነገጥኩ።

«አባትሽ ማነው?» አሉ ጋሽ መኮንን።

የአባቴን ስም፣ የመንደሬን ስም፣ የዘሀራን ሰርግ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። «የአርዲቦው! ማይኩን ጋቢው ላይ ስሰካለት ‹ይኼ ነገር ይናከሳል?› ያለኝ ሰውዬ!» ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ ያን ቀን ጉርድ ፎቶ የተነሣሽው ልጅ አይደለሽም? ምነው ሳትወስጂው ቀረሽ?»

 መሬት መሬት አየሁ።

የመጣሁበትን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጭፈራ አጠፋለሁ» አሉ። «ቦታ ሲጠበኝ ድግሱንም አጠፋለሁ። ምርቃት ግን፣ እስላም ይመርቀው ክርስቲያን፣ እጄ አይሄድም። ምርቃት ያጠፋ እጅ ኋላ ምን ይባረክለታል? ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የቀረጽኩት ምርቃት ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጧል። የአባትሽም ሳይቆረጥ እዚያ አለ። ነበረ።»



ሳጥኑን የገጠመችላቸው ሐያት የምትባል ደሴ የምትኖር ባለሙያ ናት። ከመጠን በላይ አይሙሉት፣ ችግር ሲመጣም ሳይነኩ ይደውሉልኝ ብላቸው ኖሮ፣ ጋሽ መኮንን እስከ አፉ ሞልተውት ስለነበር ቁጣዋን ፈርተው ነው ያልደወሉት። አሁን ደወሉ። ድምፅዋ ከስልኩ እስከ እኔ ይሰማል።

«ማንም እንዳይነካው! ስንቱን ነካችሁ?»

«አንድ።»

 ከማል ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከደነ።

«አንድ ከሆነ ተስፋ አለው። ሁለት ቢሆን ኖሮ እኔን ሳይሆን አልቃሽ ነበር የሚጠሩት። ነገ በጠዋት እመጣለሁ። አብሽሩ።»

በማግስቱ እትዬ ዘነቡን አስፈቅጄ ሄድኩ። ሐያት አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ «በስልክ የነገሩኝ ያስቆመቻቸው ልጅ የታለች?» አለች። ከበሩ ኋላ ነበርኩ። «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» ስትለኝ ልብሴ ዓሣ ዓሣ ይላል አልኳት።

«እኔ እኮ ሽታው ሲመጣ ምሳ የመጣልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» ብላ ሳቀች።

ዲስኮቹን ወደ ሳጥኑ ልትመልስ ስትል የትኛው በየትኛው ቀዳዳ እንደነበረ ጋሽ መኮንን አላስታወሱም። ግድ የለም አለች፤ እያንዳንዱ ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል። እኔ እንዳልገባኝ ከፊቴ አይታ ነገረችኝ። «በሽተኛ በቃሬዛ ሲሄድ አይተሻል? አራት ሰው ይሸከማል። አንዱ ቢደናቀፍ ሦስቱ ይይዙታል። ሁለት ከለቀቁ ግን ሰውዬው ወደቀ። እነዚህም እንደዚያ ናቸው። ከማል አንዱን አደናቅፎልናል።»

ከማል ጆሮውን አከከ። «እኔስ ልረዳ ብዬ ነበር።»

«ረድተሃል፤ በአንዱ መቆምህ ነው እርዳታው።»

ልትከፍተው ሞከረች፤ እምቢ አለ። በስክሪኑ ላይ የወጣውን ፊደል ስታነብ ግንባሯ ተቋጠረ። መብራት ሲሄድ ሲጽፍ የነበረው የመጨረሻው ነገር ተበላሽቶበት እዚያ ላይ ተሰናክሏል አለች። ከዚያ ወደኋላ ልመልሰው ነው ስትል ጋሽ መኮንን ተደናገጡ። እሷ ግን ተረጋግታ አስረዳች። ይህ ሳጥን አዲስ ነገር ሲጽፍ በአሮጌው ላይ አይደርብም። በሌላ ማሳ ላይ እንደሚዘራ ገበሬ ነው፤ አዲሱ መብቀሉን ሳያይ የአሮጌውን ማሳ አይነካም። ስለዚህ አዲሱ ሲበላሽ ከዚያ በፊት ወደነበረበት መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የገባው ግን ይቀራል።

«በመጨረሻ ያስገባሁት የማክሰኞው ሰርግ ይቀራል ማለት ነው?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«የካሜራው ካርድ ላይ ካልጠፋ ከዚያ እናገኘዋለን። ካልሆነ ግን ይቀራል።»

እኔ ጥያቄዬ አንድ ነበር። በሹክሹክታ፣ «ምርቃቱስ?» አልኳት።

ወደ ጋሽ መኮንን ዞረች። «ምርቃቶቹን ከገቡ በኋላ ነክተዋቸው ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ! በምን እጄ?»

«እንግዲያው ያልተነካ ነገር ከቦታው አይነሣም» አለችኝ። «ወደ ትናንትም ብንመለስ፣ ወደ አምናም ብንመለስ፣ እዚያው ተቀምጦ ነው የሚጠብቀን። የቀሩት ዲስኮች ይጽኑልን እንጂ።»

ምንም እንዳይጻፍበት፣ እንዲነበብ ብቻ አድርጋ አዘዘችው። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ብዙ ቆየ። ከዚያ የፈራነው መጣ፤ መብራት ሄደ። ሐያት ይዛው መጥታ ከጠረጴዛው ሥር ያስቀመጠችው ባትሪ ይጮህ ጀመር። ሐያት ባትሪው ብዙ እንደማይቆይ፣ ከጠፋም እንደገና መጀመር እንዳለባት፣ እነዚህን የደከሙ ዲስኮች ደጋግማ ማስነሣት ደግሞ እንደምትፈራ ተናገረች።

እኔ ሮጥኩ። እትዬ ዘነቡ ዓሣው እንዳይበላሽባቸው ትንሽ ጄኔሬተር አላቸው። ደርሼ እያለከለክኩ ለቪዲዮው ማሽን እንዲያውሱን ጠየቅኳቸው።

«ለቪዲዮ? ቆሮሶ ዓሣዬ ይሽተት?»

«ለአባቴ ነው» አልኩ። ለምን እንደሆነም ሳልደበቅ፣ ሰው ፊት፣ ሙሉውን ነገርኳቸው።

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ይቺ ልጅ ዛሬ ድምፅዋን ከየት አመጣችው? በሉ ውሰዱት። ዓሣው እስከ ማታ ካልተሸጠ እናንተው ትበሉታላችሁ።»

ተከትሎኝ የመጣው ከማል በባጃጅ ጫነው። ብቻውን ነው ያወረደው፤ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። ባትሪው ሳይጠፋ ደረስን።

ከሰዓት፣ የአስር ሶላት ካለፈ በኋላ ሐያት እጇን አጨበጨበች። ሳጥኑ ተከፍቶ ነበር። በስክሪኑ ላይ ስሞቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ምርቃት የሚለው አለ፤ በውስጡ የእህቴ ስም አለ። እንድትከፍተው በዐይኔ ለመንኳት። እሷ ግን፣ «መጀመሪያ እንቅዳው፤ መስማቱ ይደርሳል» አለች። ይዛው በመጣችው አዲስ ዲስክ ላይ እስኪቀዳ መጠበቁ ከሁሉ የከበደኝ ነበር። ተቀድቶ ሲያልቅ ከፈተችው።

አባቴ ጋቢውን ሲያስተካክል ታየ። «ይኼ ነገር ይናከሳል?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ዘሀራን መረቀ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ያቺ ደግሞ፣ የምትደበቀዋ!» አለ። እልልታው ተነሣ። ግን ማይኩ ደረቱ ላይ ስለነበረ እልልታው ከሩቅ፣ የእሱ ድምፅ ከቅርብ ይሰማል፤ ጆሮዬ ሥር ቆሞ የሚናገር ይመስል ነበር።

«ያ አላህ፣ የዚች ልጄ ድምፅ ትንሽ ነው። ጮኻ አትለምንህም። ቀስ ብላ ስትናገር የሚሰማት ቤት ስጣት። የሚያስጮኻት አይግጠማት። ቀኗ ሲደርስ ብኖር እሰየው። ባልኖር ይኸው ዛሬ መርቄያታለሁ፤ ያን ጊዜ አሚን በሉልኝ።»

ሐያትና ከማል አሚን አሉ። ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አውልቀው አሜን አሉ። የእትዬ ዘነቡን ዓሣም በላን።

ሁሉም ነገር ግን አልተገኘም። የማክሰኞው ሰርግ ከካርዱ ላይ የወጣው ግማሹ ብቻ ነው። ጋሽ መኮንን ሙሽሮቹ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀው፣ ልብሳቸውን እንደገና አስለብሰው ሐይቁ ዳር ፎቶ አንሥተዋቸዋል። ሐያትም ሳጥኑ ብቻውን ስለማይበቃ የምርቃቶቹ ቅጂ ሌላ ቤት እንዲቀመጥ አስምላቸዋለች። አሁን አንዱ ቅጂ እህታቸው ቤት፣ ቁምሣጥን ውስጥ አለ።

በሰርጌ ቀን አጎቴ ሊመርቀኝ ተቀመጠ፤ እጁን ከዘረጋ በኋላ፣ «የምርቃቱ ባለቤት አባቷ ይመርቅ» ብሎ ወደ ጋሽ መኮንን ዞረ። ጋሽ መኮንን ድምፅ ማጉያውን ከፈቱ። ሴቶቹ እልልታቸውን ይዘው ጠበቁ። አባቴ ጨረሰ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አሚን ሲል የድንኳኑ ሸራ የተነፋ መሰለኝ።

አሁንም ሰው ፊት መናገር አልወድም። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ዛሬም አፍራለሁ። ግን ያን ቀን ዝም ብዬ አግዳሚው ላይ ብቀር ኖሮ እያልኩ ሳስብ፣ ወዲያው ደግሞ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

ባለቤቴ ማታ ማታ ሬዲዮ መስማት ይወዳል። እኔ አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ ሳልጠይቀው፣ እጁ ሄዶ ድምፁን ይቀንሰዋል። ያን ጊዜ በልቤ አሚን እላለሁ።