ቄሱ በብስክሌት የመጡ ዕለት

ከዚህ በፊት አንዳች ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ በደጃችን ያለፈ የብስክሌት ቃጭል ነው ያስጀመረኝ።

ጣሊያን ባሕር ዳር ሳለ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የሦስት ቀን እኅቴ ጡት እንቢ ብላ ከንፈሯ ጠቆረ። እናቴ «ክርስትና ሳትነሳ ልትሞትብኝ ነው» ብላ አለቀሰች። ነገሩ በደንብ ባይገባኝም ፊቷ አስፈራኝ። የሰፈራችን ቄስ ጣሊያንን ሸሽተው ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሰባታሚት መንደር ነበሩ። ለጣሊያን ደብዳቤ የሚያመላልሰው አጎቴ ሳያስፈቅድ የሥራ ብስክሌቱን አወጣ።

«ቢይዙህስ?» አለችው እናቴ።

«እኔስ እፈታለሁ፤ እሷን ሞት ከያዛት ማን ያስፈታታል?» ብሎ በረረ።

ብዙም ሳይቆይ ቃጭሉን ሰምቼ ወጣሁ። ቄሱ ከኋላው ተፈናጥጠው፣ በአንድ እጃቸው ጥላቸውን ዘርግተው፣ በሌላው የአጎቴን ነጠላ እንደ ልጓም እየሳቡ «ቀስ አድርጋት! ያዝ አድርጋት!» ይላሉ። አጎቴ ሊታነቅ ደርሷል።

የጥምቀቱ ውኃ ሲነካት እኅቴ ጮኸች፤ ሲመሽም ጠባች። ዛሬ ከእኔ ትረዝማለች፤ ስለዚህ ብስክሌት ባየሁ ቁጥር አመሰግናለሁ።

አጎቴ ቄሱን ሊመልሳቸው ብስክሌቱን ሲያዞር፣ እሳቸው ወደ እኔ ዘንበል ብለው፦

«ልጄ፣ ስመጣ ያን ሁሉ ፍርሃት የቻልኩት ለእኅትሽ ስል ነው፤ አሁን ለማን ብዬ? በእግሬ እሄዳለሁ» አሉኝ።