የንጉሡን ገበታ ማን አለበሰው

የስደት ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። አንዲት ወጣት ፊልም ሠሪ በድሮው ቤተ መንግሥት ያገለገሉ ሰዎችን ትፈልጋለች የተባለ ቀን፣ ምሳ ሳልበላ ሦስት ሰው ደውሎ ነገረኝ። ፊልሙ ስለ ዘውድና ስለ ዙፋን አይደለም አሉኝ። ንጉሣውያኑ የዕለት ሥራቸውን እንዲሠሩ ከጀርባ ሆኖ ማን ያበስል፣ ማን ያጥብ፣ ማን በር ይከፍት እንደነበር የሚያሳይ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። እንዲህ ከሆነማ ደግ ነው አልኩ። እስከዚያ ቀን ስለ ቤተ መንግሥት ያየሁት ፊልም ሁሉ ትልቅ ሰው ከመኪና ሲወርድ ነው የሚያሳየው። መኪናውን ማን እንዳጠበው የነገረኝ የለም።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ኮረዳ ሳለሁ፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ የልብስ ክፍል ልብስ ተኳሽ ሆኜ ተቀጠርኩ። የክፍሉ አለቃ ዛሬ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ነበሩ። በአሥር ዓመት ይበልጡኛል። አለቅነታቸው ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን እስካሁን አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም እስካሁን ያዝዙኛል። ግብር ሲኖር የእንግዶቹ ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር የሚለብሰው ነጭ ጨርቅና የአሳላፊዎቹ ጓንት በእሳቸው ዓይን ሳያልፍ አዳራሽ አይገባም ነበር።

እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ግን በሰው ቤት ልጅ ሲጠብቁ ኖሩ። ኮሌጅ የምትማረው የልጅ ልጃቸው አያቷን የምታውቀው በልጅ ጠባቂነት ብቻ ነው። ይህ እንደሚቆረቁራቸው አውቅ ነበር። ነግረውኝ አይደለም። ለቀረጻው ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ በታክሲ እንሂድ ስላቸው እምቢ ብለው፣ "እሷ ታድርሰን፤ እዚያው ቁጭ ብላ ትጠብቀን" ሲሉ ነው የገባኝ። ልጅቷ እንድትሰማ ፈልገዋል።

ቀረጻው ፌርፋክስ ላይ ባለ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል፣ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ሆነ። ሦስት ነበርን። ሦስተኛው ከጋርዴና የመጡ ጋሼ ናቸው፤ የቤተ መንግሥቱን ወጥ ቤት የአትክልት መኪና ይነዱ የነበሩ፣ ሳቅ የሚወዱ ሽማግሌ። ፊልም ሠሪዋ እዚሁ ያደገች ሐበሻ ናት። አማርኛው ይገባታል፤ ስትናገር ብቻ ትንሽ ያደናቅፋታል። ማን ይጀምር ስትል፣ እኔና እትዬ እኩል ወደ ጋሼ አመለከትን። በዕድሜ ይበልጡናል፤ ሌላ ምን ይደረጋል?

ጋሼ ጀመሩ፣ አላቆሙም። መኪናቸው ከሚጭነው ካሮት ተነስተው ወደ ወጥ ቤቱ፣ ከወጥ ቤቱ ወደ አዳራሹ ገቡ። ጨርቁ እንዴት እንደሚዘረጋ ሳይቀር ተናገሩ። እኔ ጉልበቴን በእጄ ይዤ አዳመጥኩ፤ ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም። ተራው ሲደርሰኝ "እሳቸው ጨርሰውታል፣ ምን እጨምራለሁ" አልኩ። እትዬም እርስዎስ ምን ይሠሩ ነበር ተብለው ሲጠየቁ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "እኔ ምን ሠራሁ ልጄ? የሠሩት ሌሎቹ ናቸው" አሉ። እንግዲህ በእኛ ደንብ ከዚህ በኋላ ጠያቂው "ኧረ እንዴት ይሆናል" ብሎ ሦስት ጊዜ መለመን አለበት። ፊልም ሠሪዋ ግን አመስግና ካሜራዋን አጠፋች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያልተጠናቀቀውን ፊልም ልታሳየን ካልቨር ሲቲ ወዳለው ቢሮዋ ጠራችን። አሁንም የነዳችው ልጅቷ ናት። ጋሼ ፊልሙ ላይ እንደ ሚኒስትር ተቀምጠው የገበታውን ጨርቅ በእጃቸው እያሳዩ ያስረዳሉ። እኔ አንዴ አለፍኩ። እትዬ ሲስቁ ታዩና፣ ከምስላቸው በታች በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተጻፈ። ልጅቷን ምን ይላል አልኳት።

"የፌርፋክስ ነዋሪ፣ ይላል" አለች።

እትዬ በጣም ቆንጆ ነው ብለው ፊልም ሠሪዋን መረቋት። መኪና ውስጥ ልጅቷ በመስታወቱ አየቻቸውና፣ "ሶ እማማ፣ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?" አለች።

"ኧረ ምንም" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። 

እኔ ግን አላስችል አለኝ። ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ከፊቴ ሲገባ እንኳ ዝም የማልል ሴት፣ የአንድን ሰው ዕድሜ ሙሉ ሥራ ሌላ ሰው ይዞት ሲሄድ እንዴት ዝም እላለሁ? ቤት እንደገባሁ ፊልም ሠሪዋ ጋ ደወልኩና ገበታውን ጨርቅ ያለበሱት እትዬ እንደሆኑ፣ ጋሼ አዳራሹን ረግጠውት እንደማያውቁ ነገርኳት። ፊልም ሠሪዋ አልተቆጣችም። "እናቴ፣ እሳቸው ራሳቸው ምንም አልሠራሁም አሉኝ። እርስዎም ጋሼ ጨርሰውታል አሉኝ። እኔ ከየት አምጥቼ ልጨምር?" አለች። እኛ አገር ሰው ምንም አልሠራሁም ካለ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው አልኳት። ፊልሙን የሚያየው ሰው ግን ይህን አያውቅም አለችኝ።

እውነቷን ነው። ፍርድ ለራስም ሲመጣ ፍርድ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። እሷም ፊልሙን ዓርብ እንደምታስረክብ፣ ሐሙስ ጠዋት ግን ትንሽ ጊዜ ልትሰጠን እንደምትችል ነገረችኝ።

ወደ ታች ወርጄ እትዬን ለመንኳቸው። እኔ ነኝ የሠራሁት ብለው ሁለት ቃል ይናገሩ አልኳቸው።

"ሰው ስለ ሥራው ራሱ ካወራ፣ ሥራው ምን ሊናገር ነው?" አሉኝ።

"የእኛ ሥራ እኮ ጨርቅ ነው እትዬ። በማግስቱ ወጥ ፈሶበታል፣ ታጥቧል። ምን አፍ አለው?"

አልሰሙኝም። ራስን ማመስገን ነውር ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም አሉ። እኔም አልተከራከርኩም። ለፊልም ሠሪዋ የገበታውን አለባበስ ላሳያት ስለሆነ ለአጃቢነት ብቻ አብረውኝ ይምጡ አልኳቸው። ይህ ውሸት አይደለም። ጋሼንም ጠራኋቸው፤ በሌሉበት እንዲፈረድባቸው አልፈለግኩም። ደውዬ ስወቅሳቸው ሳቁና፣ "ባዶ ወንበር አየሁ፣ ተቀመጥኩ" አሉኝ።

ሐሙስ የምግብ ቤቱ ባለቤት ረጅም ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አዋሰን። ካሜራው በራ። እትዬ ከልጅ ልጃቸው አጠገብ ጥግ ተቀመጡ። እኔ ጨርቁን አነሳሁና፣ እያወቅሁ፣ ግልባጩን ወደ ላይ አድርጌ ዘረጋሁት። ስፌቱ ለእንግዳ ታየ። አንዱን ጎን አስረዘምኩ፣ ሌላውን አሳጠርኩ። የመሃሉን እጥፋት እንደ ውሻ ጅራት አጣመምኩት። ጋሼ ጥሩ ይመስላል አሉ።

እትዬ ተነሱ።

"ዞር በይ ከዚያ" አሉኝ። ወደ ጋሼም ዞረው፣ "እርስዎ አዳራሹን መቼ አይተውት ነው ጥሩ የሚሉት?"

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ጨርቁን ገፈፉት። እኔን ባንድ ጫፍ፣ የልጅ ልጃቸውን በሌላው ጫፍ አቆሙ። ሲዘረጋ አየር ወስዶ እንዲያርፍ ሁለት ጊዜ ማራገብ እንደሚገባ፣ ግራና ቀኙ በስንዝር እየተለካ እኩል መውረድ እንዳለበት፣ ማጠንከሪያው አሚዶ የበዛበት ጨርቅ እንደ ካርቶን ቆሞ እንግዳውን ጉልበቱን እንደሚወጋው፣ ከተዘረጋም በኋላ በጠረጴዛው ላይ እንዳለ በካውያ አንዴ እንደሚታለፍ ተናገሩ። አሳላፊዎቹ ጓንታቸውን አጥልቀው ሳያሳዩዋቸው ሳህን እንዳልነኩ ተናገሩ። በእጃቸው ስንዝር ሲለኩ የልጅቷ ዓይን ከእጃቸው አልተነሳም። ፊልም ሠሪዋ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም፤ ቦታም አልነበራትም። ጋሼ እጃቸውን አውጥተው ከወጥ ቤቱ በር አልፈው እንደማያውቁ፣ ስለ ጨርቁ የተናገሩት ይውጣ ብለው ለመኑ። ስለ ካሮቱ ግን ይቆይልኝ አሉ።

ፕሮግራሙ የወጣ ቀን እትዬ ቤት ተሰበሰብን። ጋሼ ከነካሮታቸው አለፉና ተጨበጨበላቸው። ከዚያ እትዬ መጡ፤ ከምስላቸው በታችም ጽሑፍ። ልጅቷ ቀስ ብላ አነበበችልን፦ የገበታ ልብስ ክፍል ኃላፊ። ሪሞቱን አንስታ ምስሉን አቆመችና ወደ አያቷ ዞረች።

"እማማ፣ ቆይ፣ ስንት ሰው ነበር በሥርሽ?"

እትዬ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። "እኔማ ምን..." አሉና ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አላነሳሁም።

"አሥራ አራት" አሉ እትዬ። "ከሁሉ ያስቸገረችኝ ይቺ ናት።"