ቆሜ የመረጥኩት ጠረጴዛ

የበደለኝ የታናሽ እህቴ ባል ነው፤ ያቻምና በፋሲካ ማግስት፣ ሜፕልዉድ ከተማ ባለው ቤታቸው፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ።

"እትዬ፣ ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ካዚኖ ባይሄዱ ይሻላል" አለ። "ጭንቅላትዎ ደክሟል፣ ቆጠራው ይጠፋብዎታል።"

የሳቁ ነበሩ። ብላክጃክ ላይ፣ ከሃያ አንድ ሳያልፉ ወደ እሱ መጠጋት በሆነው ጨዋታ፣ ካርታ መቁጠር እሱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እህቴ ይህን ታውቃለች፤ ግን ሳህን መሰብሰብ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ብሉሚንግተን ከተማ ባለው አፓርታማዬ ውስጥ ሆን ብዬ ቴሌቪዥኑን እያስጮህኩ ካርታ እየገለበጥኩ ቆጠራ ስለማመድ ከረምኩ። ያናደደኝ ንግግሩ ብቻ አልነበረም። እውነቱን ቢሆንስ የሚለው ፍርሃት ነበር እንቅልፍ የነሳኝ።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ካዚኖ ብቻዬን ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። በሩን ስገባ እጄ ያልበኝ ነበር፤ ደስ የሚል ላብ።

ትልቁ ሥራ ያለው ከመቀመጥ በፊት ነው። ማሽን ያለማቋረጥ ካርታ የሚበውዝበት ጠረጴዛ ለእኔ አይሆንም፤ የወጣው ተመልሶ ስለሚገባ የሚቆጠር ነገር የለም። እነዚያን አለፍኳቸው። ግድግዳው ጥግ አንዲት ሽበታም ካርታ አዳይ በእጇ ስትበውዝ አየሁ። ካርታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ብቻ ነው እንደገና የምትበውዘው። ተጫዋቾቹ ሁለት ናቸው። ከጀርባቸው ቆምኩ።

ትንንሾቹ ካርታዎች ሲወጡ አንድ እደምራለሁ፤ አስር፣ ባለ ሥዕልና አስ ሲወጡ አንድ እቀንሳለሁ። ድምሩ ከፍ ካለ ትልልቆቹ ገና አልወጡም፤ እነሱ ለተጫዋቹ ስለሚያደሉ ያኔ ነው መቀመጥ። ሦስት፣ አምስት፣ አራት፣ እንደገና አምስት። ትንንሾቹ ተከታትለው ሲወጡ ድምሩ ከፍ እያለ ሄደ።

አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። የእህቴ ባል ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አይጠፋም።

"እትዬ! እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ብቻዎን ነው የመጡት? በዚህ በረዶ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"የልጅ ልጅዎ ስንት ሞላው? ስድስት? ሰባት?"

ቁጥር የሚወረውርብኝ አውቆ ነው፣ ቆጠራው እንዲጠፋብኝ። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ ፊት ማዞር ነውር ነው። ግን መልሱ ሐሳብ አይጠይቅም። አፌ ሲያመሰግን ዓይኔ ካርታው ላይ ነበር። አንዱም አላመለጠኝም።

"ጠፋብዎት አይደል?" አለኝ ጎንበስ ብሎ። "ይንገሩኝ፣ ለማንም አላወራም።"

"ዞር በል፣ ልቀመጥ" አልኩት።

የቻልኩትን ያህል አስያዝኩ። አስ መጣልኝ፣ ከላዩ ንግሥት፤ ሃያ አንድ። ቀጥሎ ሁለት ንጉሥ፤ ሃያ። ከዚያ አዳይዋ በአስራ ስድስት ላይ አስር ጨምራ ከሃያ አንድ አለፈች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ፊቴ ላይ ግን ምንም እንዳይታይ ከንፈሬን ነከስኩ። እሷ ልትበውዝ ካርታውን ስትሰበስብ ተነሳሁ።

እሱ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፣ ሳይጫወት። እስከ መኪናዬ ተከተለኝ።

"እትዬ፣ የዛሬ ሳምንት እኔ መጥቼ ልውሰድዎት፤ እንደ ድሮው አብረን እንጫወት" አለኝ። "ያን ቀን ያልኩት እኮ ለቀልድ ነው።"

በሩን ዘግቼ ሞተሩን አስነሳሁ።

አሁን ካዚኖ የምሄደው ብቻዬን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። እሱ ቅዳሜ ሲደውል አላነሳም።