ቁጥር ያልተጻፈባቸው ከረጢቶች

ከንጋቱ 11፡30፣ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ

ሹፌሩ ካማው በር ላይ ሞተር አስነስቶ ይጠብቀኛል። በሦስት ወር ውስጥ ስድስተኛው ጉዞዬ ነው፤ ወገቤ አንድ በአንድ ቆጥሮታል።

«ዛሬ ጃሙን ቀድመነዋል» ይላል ካማው። ስለ መኪናው መጨናነቅ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል።

1፡40፣ ዌስትላንድስ

ጃሙ ቀድሞናል። ከቢሮ የናሙና ብልቃጦቹን አንስተን በሁለት ማታቱ ሚኒባሶች መሃል ተሰንቅረናል። በመስኮት የሃያ ሽልንግ ኦቾሎኒ ገዛን፤ ቁርሳችን ይኸው ነው።

የምንሄደው የመኖ ሙከራ የምናደርግባቸው ገበሬ ማማ ንጄሪ ዘንድ ነው። አንዲት ላም አለቻቸው። ላብላብ የተባለውን የመኖ ጥራጥሬ በዝናብ ወቅት አጭደን፣ ከትፈን፣ ሞላሰስ ጨምረን፣ አየር እንዳያገኘው በፕላስቲክ ከረጢት አፍነነዋል። በደንብ ተብላልቶ ሳይሌጅ፣ ማለትም ሳይበላሽ የሚቆይ መኖ፣ ከወጣው ላሟ በጋውን ትሻገራለች። ካልወጣው ቅዳሜ የከብት ደላላው መጥቶ ይነዳታል።

3፡15፣ ከኪኩዩ ከተማ ወጣ ብሎ

ለሙከራው ቁጥር የጻፍንባቸውን አራት ከረጢቶች ፈታን። ጥቁር፣ የሚያሟልጭ ነገር ነው፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ላሟ አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

«ሞላሰሱ አንሶ ይሆን?» አልኩ።

«እንዳሉኝ ነው ያደረግሁት፣ ዳክታሪ» አሉ ማማ ንጄሪ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ነግሬያቸው ሰልችቶኛል። «ከዚያማ በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ ፈቱት።»

አፈርኩ። ለእያንዳንዱ የናሙና ቀን የራሱ ከረጢት መዘጋጀት ነበረበት። እኔ ግን ፕላስቲክ ልቆጥብ ብዬ እነዚያኑ አራቱን እየፈታሁ አንዳንድ እፍኝ ወስጃለሁ፣ መልሼም አስሬያለሁ። አየሩን ያስገባሁት በገዛ እጄ ነው።

ማማ ንጄሪ ወደ ዶሮ ቤቱ ጓሮ መሩን። ድንጋይ የተጫነባቸው ስድስት ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ቁጥር የለባቸውም። አንዱን ፈቱ። ወይራማ አረንጓዴ ነው፤ እንደ ሊጥ እርሾ ጎምዘዝ ያለ ሽታ አለው። ላሟ አፏን ከተተች፣ ቀና አላለችም።

«ከዚያው ላብላብ ነው፣ አሠራሩም የእናንተው» አሉ።

«ለምን ደበቁብን?»

«እንግዳ የማይነካው ነገር ለቤት መቅረት አለበት።»

ሙያ በልብ ነው ይሉ የለ። ስልካቸውን አወጡና ደላላውን «ቅዳሜ አትምጣ» አሉት። ደስ አለኝ፤ ድካሜ ግን አልለቀቀኝም።

ከምሽቱ 1፡00፣ ሳውዝ ሲ

በመንገድ ላይ የሙከራውን ቅጽ ሞላሁ። ለአራቱም «ተበላሽቷል»። አስተያየት በሚለው ቦታ «የፈታኋቸው እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

«ስድስቱስ?» አለ ካማው። «ቢያንስ ካልተፈቱት አምስቱ አንዱን ከፍተን ናሙና መውሰድ ነበረብን።»

ጓሮው ውስጥ ሳለን ብልቃጥና ማንኪያ ይዤ ጠጋ ብዬ ነበር። ማማ ንጄሪ ባልተፈቱት ከረጢቶች ፊት መጥተው ቆሙ። ብልቃጡን ባዶውን ወደ መኪናው መለስኩት።