ደስታነሽ የገራችው ውሻ

ወንዳወቅ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ በውሻው ተጎትቶ የወደቀው በገበያ ቀን ነው፤ ከባጃጆቹ ፊት፣ ሰው ሁሉ እያየው። ውሻው ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ የመጣ የፈረንጅ ዘር ነበር፤ ጥቁርና ቡናማ፣ ቁመቱ ከጥጃ የማይተናነስ። ከሥጋ ቤቱ በር የተጣለ አጥንት ሸተተውና ተወረወረ። ወንዳወቅ ሰንሰለቱን እጁ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞት ስለነበር አብሮ ሄደ። አንድ እግር ጫማው አስፋልቱ ላይ ቀረ።

የሳቀው ሰው ብዙ ነው። ሽንኩርት ልትገዛ የወጣችው ደስታነሽ ግን አልሳቀችም። እንስሳ የያዘበትን ገመድ እጁ ላይ የሚጠመጥም ሰው እሷን አያስቃትም፤ ያንገሸግሻታል። ጫማውን አነሳች፤ አቧራውን እንኳ ሳታራግፍ ከእግሩ ሥር አስቀመጠችለትና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በዚያ ጊዜ ከወንዳወቅ ግቢ ልብስ እያጠበች፣ ግቢ እየጠረገች ትውል ነበር። ሰውየው እህል ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑ ቡሬ፣ መኖሪያው ፍኖተ ሰላም። በቆሎውን ይዞ የመጣ ገበሬ ከበሩ ላይ ፀሐይ ሲመታው እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስልክ ሲያወራ፣ ጨርሶም እንደገና ሲደውል፣ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሥር ሆና ብዙ ቀን አይታዋለች። ስለዚህ የመንገዱ ውድቀት አዲስ ነገር አልነገራትም። በልቧ ከጣለችው ቆይታለች።

ደስታነሽ ከጅጋ ወረድ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ የተወለደች ናት። ባሏ ዘመኑ ባለጋሪ ነበር። ወባ ሲገድልባት ገና ተዝካሩ ሳይወጣ ጋሪውን የሚገዛ መጣ፤ ፈረሱን የሚገዛም መጣ። ሁለቱንም መለሰቻቸው። በሳምንቱ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ጋሪው ላይ ወጣች። ባለጋሪዎቹ ሴት በነዳችው ጋሪ ማን ይሳፈራል ብለው ከጋሪ ተራው አስወጧት። ከተራው ውጭ ቆመች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ቆማ ማዳበሪያ አመላለሰች፣ ስንዴ ጫነች፣ ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል አደረሰች።

የሌሎቹ ፈረሶች አፋቸው በልጓም እየተቀደደ ይደማ ነበር። የእሷ ፈረስ አፍ ግን ቁስል አያውቅም። ይህን ያዩ ባለጋሪዎች የማይገራ ውርንጭላ ሲገጥማቸው ሰው አየን አላየን እያሉ በጓሮዋ ይመጡና እንድትገራላቸው ይለምኗታል፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኟት ያሾፉባታል። እሷም ውርንጭላውን ትገራለች፣ ሰዎቹን ትንቃለች። ኋላ ባጃጁ በዛ፣ ፈረሷም አረጀ። በወንድሟ ማሳ ዳር ሣር እየጋጠ እንዲሞት ለቀቀችውና የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች።

ወንዳወቅ ከወደቀ በኋላ ከቡሬ አንድ ባምላኩ የሚባል ሰው አስመጣ። ባምላኩ ውሻ አሠልጣኝ ነኝ ባይ ነው፤ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም። ወደ ውስጥ የዞረ የብረት ጥርስ ያለው የአንገት ማሰሪያ ይዞ መጣ። ውሻው በጎተተ ቁጥር ይመነጭቀዋል፤ በመነጨቀው ቁጥር ውሻው ይብስበታል፤ ሲብስበት ዱላ ያነሣል። በአምስተኛው ቀን ውሻው ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ገና ከሩቅ ሰምቶ ይሸና ጀመር። በስድስተኛው ቀን የባምላኩን ጭን ነከሰው። ሰውየው እያነከሰ ሄደ፤ ደሙን ከሴራሚኩ ላይ ያጠበችው ደስታነሽ ናት። ስታጥብ ፊቷ ንቀቷን ሊደብቅላት አልቻለም።

የወንዳወቅ ሚስት ያምሮት ይህችን ፊት አየች። ደስታነሽ ዱሮ ፈረስ ትገራ እንደነበር ለባሏ ነገረችው። ወንዳወቅ ሳቀ፤ ፈረስና ውሻ ምንና ምን ናቸው አለ። ግን ሌላ የሚመጣለት ሰው አልነበረም።

ደስታነሽ ውሻ አትወድም። በአባቷ ቤት ውሻ ደጅ ያድራል እንጂ ደፍ አይሻገርም፤ እዚህ ግን ፍራሽ ተነጥፎለት ሳሎን ይተኛል። በዚያ ላይ ሬክስ ይሉታል። እሷ ሬክስ የሚባል ነገር ከአፏ አላወጣችም። እንደ አገሯ ሰው መልእክት ያለው ስም አወጣችለት፤ «ይብላኝ ለጌታህ» አለችው። ስታሳጥረው «ይብላኝ» ትለዋለች። ወንዳወቅ ውሻውን ወደደችልኝ ብሎ ደስ አለው።

ባለጥርሱን ማሰሪያ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችና ወፍራም የጥጥ ገመድ ጠየቀች። ትምህርቱ ይኸው ነበር፦ ገመዱ ሲወጠር ትቆማለች፤ ሲላላ ትራመዳለች። አትጎትትም፣ አትጮህም። ውሻው ይስባል፣ እሷ እንደ ምሰሶ ቀጥ ትላለች። ሲሰለቸው ዞሮ ያያታል፤ ዞሮ ሲያያት ገመዱ ይላላል፤ ያኔ ትሄዳለች። ከጉልበቷ አጠገብ ሲራመድ ከኪሷ ደረቅ ዳቦ ቁራሽ ታቀምሰዋለች። መጀመሪያ ቀን ከቧንቧው እስከ አጥሩ በር ያለችውን ሠላሳ እርምጃ ለመጨረስ ረፋዱ አለቀ። ቢያዝን የሚባለው ዘበኛ ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ ይኸ ሥልጠና ነው ወይስ ሐውልት መሆን ሲል ጠየቃት። ሲበቃት እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች።

በሁለተኛው ሳምንት መንገድ አወጣችው። ባጃጅ ሲያልፍ ይዘላል፤ ትቆማለች። የጋሪ ፈረስ ሲያይ ይጮሃል፤ ፊቷን አዙራ ወደ መጣችበት ትመለሳለች፣ ሳይወድ ይከተላታል። ዱሮ ከተራ ያስወጣት ባለጋሪ አለበል፣ አሁን ባለባጃጅ ሆኖ፣ ደስታነሽ ከፈረስ ወደ ውሻ ወረደች ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። የእሱን ሁለት ፈረሶች በጓሮ የገራችለት እሷ ነበረች። ጭቃ እንደሚዘል ሰው ቀሚሷን ትንሽ ሰብሰብ አድርጋ አልፋው ሄደች። በአራተኛው ሳምንት ውሻው በዚያው ሥጋ ቤት በር፣ አጥንቱን እያየ፣ ምራቁን እየዋጠ፣ ገመዱ እንደ መቀነት ጫፍ ተንጠልጥሎ ከአጠገቧ አለፈ። ደስ አላት። ማንም ግን አላወቀባትም።

አሁን ወንዳወቅ መማር እንዳለበት ነገረችው። አንድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሞከረ። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ገመድ፤ ውሻው ገና ሳይንቀሳቀስ እሱ ይስበዋል። እጅዎን ያውርዱ፣ ይቁሙ፣ ይጠብቁት አለችው። ሁለት ጊዜ ሰማትና ሦስተኛው ላይ ውሻዬን መያዝ ካንቺ አልማርም ብሎ ገመዱን ጥሎ ገባ።

ከዚያ የቡሬው ድግስ መጣ። አዲስ መጋዘን ሠርቶ ሊያስመርቅ ድንኳን አስተከለ፣ ነጋዴውንም ሹሙንም ጠራ። ውሻውንም ሊያሳይ ፈለገ። ደስታነሽን ከውሻው ጋር ከፒክአፑ ኋላ ጫኗትና ሄደች። እንግዳው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ወንዳወቅ ገመዱን ከእጇ ነጠቀ፣ እንደ ልማዱ እጁ ላይ ጠመጠመ፣ ደረቱን ነፍቶ በወንበሮቹ መካከል ገባ። ጥብስ የያዘች ሴት ስታልፍ ውሻው ቀና አለ፤ ቀና ከማለት በቀር ያደረገው ነገር አልነበረም። ወንዳወቅ ግን በኃይል መነጨቀው። የተመነጨቀው ውሻ የባምላኩ ዘመን ትዝ አለውና ተፈናጠረ። የጠላው በርሜል ተገለበጠ፤ ወንዳወቅ በሁለት ጉልበቱ ጠላው ውስጥ ተንበረከከ፤ ገመዱ ከእጁ ወጣ።

ሲነሣ ዓይኑ ደስታነሽን ፈለገ። በእንግዳው ሁሉ ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይቺ ሴትዮ ውሻዬን አበላሸችብኝ» አለ።

ደስታነሽ ከድንኳኑ ጥግ ወጣች። ውሻው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። የገመዱን ጫፍ ከመሬት አነሳችና ቆመች። ውሻው ወጣ፣ አጠገቧ መጣ፣ ገመዱ ላላ። ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ወሰደችው፤ በጥብሱ አጠገብ፣ በሹማምንቱ እግር መካከል፤ መልሳም አመጣችው። አንዴም አልተወጠረም። ወንዳወቅ ፊት ስትደርስ ጠላ የሚንጠባጠበውን እጁን ያዘች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈተች፣ ገመዱን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፣ ጌታዬ» አለች፤ ጌታዬ የሚለውን አክብራ፣ ረገጥ አድርጋ። «ውሻው ተምሯል። የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አፉን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። ደስታነሽ ማንንም ሳትሰናበት ወጥታ በእግሯ መናኸሪያ ሄደች፤ በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ የወንዳወቅን ግቢ አልረገጠችም።

በዘጠነኛው ቀን ያምሮት ከነውሻው ደጇ ላይ መጣች። ክርኗ ተልጧል፣ ነጠላዋ ተቀዷል። ባሏ ውሻው የመጋዘን ዘብ ሆኖ በሰንሰለት ይታሰር ብሎ እንደነበር፣ እሷ እንቢ እንዳለች፣ ለብቻዋ ልታወጣው ሞክራ እንደወደቀች ተናገረች። ደስታነሽ ወደ ውስጥ ግቢ አላለቻትም። ይህችም ብትሆን ውሻው ሲደበደብ በመስኮት ታይ የነበረች ሴት ናት። ሽሮዋን አማስላ እስክታወርድ ድረስ በራፍ ላይ አቆመቻት። ያምሮት አልሄደችም፤ ቆማ ጠበቀች። መጠበቋን ደስታነሽ ከምድጃው ሥር ሆና ልብ ብላ አየች።

ሲበቃት ወጣችና «ስሚ አንች» አለቻት። «ውሻ ቤቴ አይገባም። መንገዱ ላይ ከሆነ እጅሽን አውርጅና ቁሚ። እሱ እስኪያይሽ አትነቃነቂ።»

ያምሮት ቆመች። እንደ ባሏ አልነበረችም፤ ስልኳን ቤት ትታ ትመጣለች፣ የተባለችውን ትሰማለች። ወሩ ሳያልቅ ውሻው ለደስታነሽ እንደታዘዘ ለእሷም ታዘዘላት፤ ጠዋት ጠዋት እስከ ሆስፒታሉ መንገድ ድረስ ይዛው ስትሄድ ሰው ዞር ብሎ ያያታል። ከደስታነሽ ጋር ወዳጆች ሆኑ ለማለት ግን አያስደፍርም። ያምሮት ስኳር ይዛ ስትመጣ ደስታነሽ ተቀብላ ታስቀምጣለች፤ ደፉን እንድትሻገር የፈቀደችላትም ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ወንዳወቅ ዛሬ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ውሻውን ራሱ በትዕግሥት እንዳሠለጠነው ያወራል። ዘበኛው ቢያዝን ይህን ሰምቶ እየተናደደ ሄዶ ለደስታነሽ ነገራት፤ ምስክር እሆንሻለሁ፣ አፉን አስይዥው አላት። ደስታነሽ የምታጥበውን ልብስ አላስቀመጠችም።

«ተወው ያውራ» አለች። «ሌላ ምን አለው?»