አረንጓዴው ጽዋ

በስደት ከተማችን፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ አንዱ ምግብ ቤት ጠዋት መስኮቱን ሲያስጸዳ የመስታወት ማጽጃው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እኔም አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ መንገድ ላይ ቆሜ የቀኝ እጄን ጣቶች አንድ በአንድ ማጠፍና መዘርጋት ጀመርኩ።

ይህን ያመጣብኝ የአባዬ ሥራ ነው። ሙዚየም ውስጥ ጥንታዊ ዕቃ የሚቀመጥባቸውን መስታወቶች ያጸዳ ነበር፤ ቅዳሜ እናቴ ምግብ ቤት ስለምትሠራ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። ሁልጊዜ የሚጀምረው ከግብጽ ኮፕቶች የመጣው፣ መስቀል ያለበት አረንጓዴ የብርጭቆ ጽዋ ከተቀመጠበት ነው፤ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ፣ አማትቦ። እሱን ከጨረሰ በኋላ የግሪኩንና የሮማውን ዕቃ መስታወት ግን ዶናት ጉንጩ ውስጥ ደብቆ ይወለውላል። ካህን ያልሆነ ሰው ጽዋ ከነካ እጁ ይደርቃል ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባዬ ባልዲውን ሊደፋ ሄዶ፣ የሙዚየሙ ሠራተኛ መስታወቱን ከፍታ ብሩሽ ልታመጣ ዞር ስትል ጽዋውን ነካሁት። በአንድ ጣት ብቻ። ይቀዘቅዛል።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለኝም። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብስ ውስጥ ጣቴን እነክሳለሁ፤ ካመመኝ ተመስገን፣ ገና አልደረቀም። እርሳስ ካመለጠኝ ደረቀ ብዬ ደግሜ እነክሰዋለሁ። ምግብ እምቢ ስል እናቴ የሰው ዓይን ነው ብላ ጠበል ረጨችኝ፤ እጄ ላይ ሲያርፍ ይብሱን ፈራሁ።

በመጨረሻ ፌርፋክስ ላይ ፓርክ አድርገን እናቴን ስንጠብቅ ለአባዬ ነገርኩት። ይቆጣኛል ስል ፊቱ አመድ መሰለ። እሱ ሲፈራ ማየቱ ከሁሉ የባሰ ነበር።

መስታወቱ ዳግም እስኪከፈት ወራት ጠበቅን። ሠራተኛዋ ዞር ስትል፣ ከሥራ እንደሚያስባርረው እያወቀ፣ አማትቦ የሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጁን ጽዋው ላይ አሳረፈ።

"አሁን ሁለታችንም ነክተናል" አለኝ። "ከደረቀም የኔ ይድረቅ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴን ትቼ የእሱን እጅ ስጠብቅ አደግሁ።

ዘንድሮ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መታው። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለ፤ እኔ ግን የጽዋው ነገር አልወጣልኝ ብሎ ወደ ሙዚየሙ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ቅዳሜ ማናችንም ያላነበብናትን፣ ከጽዋው ሥር ያለችውን ጽሑፍ አነበብኳት። የቤት መጠጫ ብርጭቆ ነው ትላለች፤ መስቀሉን ክርስቲያኖቹ በተራ ዕቃቸው ላይም ያደርጉት ነበር።

እየበረርኩ መጥቼ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አልነበረም፣ በከንቱ ፈራን አልኩት። አባዬ በግራ እጁ ቀኝ እጁን አንስቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠና "ያንቺ ግን ደህና ነው አይደል?" አለኝ።

ደህና ነው አልኩት። ያን ቀን የተንቀጠቀጠው እጁ ዛሬ መንቀጥቀጥም አይችልም።