ሙክት የተያዘበት ገበጣ

ለአሸናፊው የቀረበው ሙክት በወረታ ገበያ ሰባ ብር ያወጣ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የእኔም ልጅ የጎረቤቴ የአያ ታደሰም ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደው ወሬያቸው ጠፍቷል። የቀበሌያችን የቁሐር ሚካኤል ማሳ በክረምት ውኃ ሲተኛበት ሥራ ስለማይኖር፣ ሁለታችን መሬት ላይ ጉድጓድ ምሰን ገበጣ እንጫወታለን። እኔ ያለ ጥቅም እጄን የማላነሣ ሰው ነኝ። እዚያ ግን ትርፍም ኪሳራም የለም፤ ልጄን የምረሳው ጠጠር ስዘራ ብቻ ነበር።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል የገበጣ ውድድር ይደረጋል ብሎ ሙክቱን አቀረበ። መጨረሻ ላይ የቀረነው እኔና አያ ታደሰ ነበርን። አሸነፍኩት።

በማግሥቱ መጣና ቆመ።

«ና እንጂ አያ ታደሰ፣ ጠጠሩን ደርድር።»

«በምን?»

«በምን ማለት?»

«ዛሬ ምን ይታረዳል?»

ሣቅሁ፤ እሱ አልሣቀም። ምን ላድርግ፣ ዶሮ አስያዝኩ። ያኔ ተቀመጠ። በላኝና ዶሮዋን በእግሯ አንጠልጥሎ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አልመጣም። እኔም የማስይዘው ስላጣሁ አልጠራሁትም። ውኃው ሊሸሽ ገና ወር ይቀረዋል።

ሂሳቡ ይኸው ነው፦ ሙክቱ በሦስት ቀን ተበልቶ አለቀ፣ ዶሮዋም ሄደች፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ልጄን ሳስብ እውላለሁ።